አስቸኳይ፦ የማዳም ካናሪ አዲሱን ምግብ እምቢ አለች

ሀዊ ዱባይ፦ እህት ወንድሞች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ማዳም ለእረፍት ስትሄድ ካናሪ ወፏን ለኔ ትታልኝ ነው። አዲስ ምግብ ገዝታ አስቀምጣለች፤ ቀለም ቀለም ያለው ድብልብል ነገር፣ ፍሬ አይደለም። ውድ ነው፣ ከረጢቱም «የተሟላ ምግብ» ይላል። ወፏ ግን ዞር ብላም አላየችው። ላባዋን ነፍታ ቁጭ፤ ዘፈንም የለም። ተበላሽቶ ይሆን? ማዳም ማታ በቪዲዮ ትደውላለች!

ዳኒ፦ ከዩቲዩብ የካናሪ ድምፅ ክፈቺና ስልኩን ከጎጆው ኋላ ደብቂው። ሃሃሃ

እማማ ጥሩ፦ የኔ ልጅ፣ እንቁላል ቀቅለሽ ፈርፍረሽ ስጫት።

ዳኒ፦ በፍልሰታ እንቁላል ይላሉ እንዴ እማማ!

እማማ ጥሩ፦ እሷ አትጾም። አንተም የምትጾም አትመስልም።

ባለ ወፉ ሻርጃ፦ እህቴ፣ ምግቡ አልተበላሸም። ፔሌት ይባላል፤ እህሉን ፈጭተው ቫይታሚንና ማዕድን ቀላቅለው የሚያወጡት ነው። ፍሬ እየለቀመች ላደገች ካናሪ ግን ጠጠር ነው፣ ምግብ መሆኑን አታውቀውም። የወፏ ክብደት እኮ 20 ግራም ገደማ ናት፤ አንድ ሁለት ቀን ሳትበላ ከቆየች ትሞትብሻለች። የድሮ ፍሬዋን አሁኑኑ መልሺላት።

ሀዊ ዱባይ፦ የድሮው ፍሬ ከጎኑ አለ እኮ! ሳህኑ ሙሉ ነው፣ እሱንም አልነካችውም።

ብሩክ፦ ለወፍ ይሄ ሁሉ ጭንቀት? አንቺስ በልተሻል?

ሀዊ ዱባይ፦ ከሞተች ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው ወንድሜ።

ኪያ፦ ሳህኑን እፍ በዪበት። ካናሪ ፍሬውን ፈልፍላ ገለባውን እዚያው ነው የምትጥለው። ሙሉ የመሰለሽ ገለባ ይሆናል።

ሰሚራ፦ እንቁላል ስጫት፣ ይወዳሉ።

እማማ ጥሩ፦ እኔ ምን አልኩ?

ባለ ወፉ ሻርጃ፦ ኪያ ያለችው ልክ ነው፣ ቶሎ እዪው። ገለባ ከሆነ ከባቃላ (ከሰፈር ሱቅ) ወይ ከወፍ ሱቅ ቅይጥ ፍሬ ግዢ። አቧራ የበዛበትን፣ ሻጋታ የሚሸተውን ተዪው። ስትገዢ እዪ፤ ብዙው የገለባ ቀለም ያለው ሞላላ፣ የካናሪ ፍሬ የሚባለው እህል መሆን አለበት። ቀጭኑ ጥቁር ኑግ ነው፣ የሚያብረቀርቀው ተልባ፣ ክቡ የጎመን ዘር ዓይነት። የካናሪ ፍሬ ዘይቱ 6 በመቶ አካባቢ ነው፣ ኑግ ግን 40 በመቶ ይጠጋል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው መቶኛ የቅይጡ በሙሉ ነው እንጂ ወፏ መርጣ የምትበላው አይደለም። የምትመርጠው ደግሞ ዘይታሙን ነው፤ ወፍራ ጉበቷ የሚታመመው ለዚህ ነው። «ቫይታሚን የተጨመረበት» የሚለውንም ብዙ አትመኚበት፤ ቫይታሚኑን የሚቀቡት ልጣጩ ላይ ነው፣ እሷ ልጣጩን ትተፋዋለች። ፍሬ ብቻ ሲሆን ቫይታሚን ኤና ካልሲየም ያንሳታል፤ ስለዚህ ጎመን ቅጠል፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ተቀቅሎ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ጨምሪላት። አቮካዶ በፍጹም እንዳትሰጪ፣ ይገድላል።

ሰሚራ፦ ለካ ኑጋችን ባህር ተሻግሮ የወፍ ቀለብ ሆኗል!

ብሩክ፦ ታዲያ ያ ውዱ ፔሌት ማጭበርበሪያ ነዋ።

ባለ ወፉ ሻርጃ፦ አላልኩም። መርጣ መጣል ስለማትችል ሚዛኑ ከፍሬ ይሻላል። ግን በአንድ ጊዜ አይቀየርም፤ ከፍሬው ጋር እየቀላቀሉ፣ ኩሷን እያዩ ለሳምንታት ያለማምዷታል። ያንን ማዳም ስትመለስ ራሷ ታድርገው። የዘፈኑ ነገር ለብቻው አያስደንግጥሽ፤ በነሐሴ ላባ ሲቀይሩ ዝም ይላሉ። ደግሞ ደህና አድርጎ የሚዘፍነው ወንዱ ስለሆነ «እሷ» የምትያት «እሱ» ሳይሆን አይቀርም። ፍሬ ቀርቦላት እንደነፋች ከቆየች ግን የወፍ ሐኪም ነው የሚያስፈልጋት። ማታን አትጠብቂ፣ አሁን ለማዳም የድምፅ መልእክት ላኪላት፤ ኋላ ምነው አልነገርሽኝም እንዳትልሽ።

ኪያ፦ ሀዊ፣ ገለባ ነበር?

ትዕግስት ኩዌት፦ በዚሁ፣ የኛ ቤት በቀቀን ከሱፍ ፍሬ በስተቀር ምንም አይበላም፣ ምን ላድርግ?

ዳኒ፦ እንቁላል ስጪው።