ውሻ ከጅማ ወደ ጀርመን፦ ክትባት አለው፣ ቺፕ ግን የለውም

የሄርማታዋ
ሰላም ለሁላችሁ። በመጋቢት 2018 መጀመሪያ ወደ ፍራንክፈርት እንሄዳለን፤ ውሻችን ቡቺም አብሮን ይሄዳል። ሦስት ዓመቱ ነው፣ የሀበሻ ውሻ፣ 22 ኪሎ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መጋቢት 20 ቀን 2017 ወስዷል፣ ካርዱም አለ። አሁን ቺፑን (ከቆዳው ሥር የሚገባውን የመለያ ቁጥር) ብቻ ብናስገባለት ይበቃል? ሣጥኑን አናጢ ቢሠራውስ ይቀበላሉ? ዛሬ መስከረም 20 ነው፤ ይደርስልን ይሆን?

የእንስሳት ሐኪም
እህቴ፣ ይደርሳል፤ ግን ነገ ዛሬ ሳትሉ ጀምሩ። የመጋቢቱ ክትባት ለጉዞው አይቆጠርም። የአውሮፓ ኅብረት ክትባቱ ቺፑ በገባበት ቀን ወይም ከዚያ በኋላ እንዲሰጥ ያዛል። ካርዱ ላይ ያለው ውሻ ቡቺ ራሱ ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ የለምና። ስለዚህ መጀመሪያ ቺፕ፣ ቀጥሎ ክትባት፣ ከዚያ ክትባቱ የፈጠረውን የመከላከያ መጠን የሚለካ የደም ምርመራ። ይህ ከተዛባ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። የድሮው ክትባት ግን ለሰውነቱ ከንቱ አይደለም፤ በሁለተኛው ክትባት የመከላከያ መጠኑ ይበልጥ ከፍ ይላል።

ቺፑ 15 አኃዝ ያለው፣ የአይኤስኦ (የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) 11784 እና 11785 ደረጃ የሚያሟላ ይሁን። እንደገባ በማንበቢያው አስነብቡት፤ የወጣውን ቁጥር ካርዱ ላይ ከተለጠፈው ጋር አኃዝ በአኃዝ አስተያዩ።

ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይወሰዳል፤ ከዚያ በፊት ሐኪሙ ቺፑን ደግሞ ያንብብ። ውጤቱ በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፣ ላቦራቶሪውም ኅብረቱ ዕውቅና የሰጠው። ከዚያ ሦስት ወር ጥበቃ አለ፤ የሚቆጠረው ውጤቱ ከመጣበት ሳይሆን ደሙ ከተወሰደበት ቀን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ናሙናው ላይ ነው። ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር በሌለው ቱቦ ይቀዳ፣ እስኪረጋ ይቀመጥ፣ በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ) ይለይና ሴረሙ፣ ማለትም ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ብቻ፣ ወደ ንጹሕ ቱቦ ይገልበጥ። ይህ እዚሁ ጅማ ይለቅ። ያልተለየ ደም እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ሲንገላታ ቀይ ሕዋሱ ይፈነዳል፤ ሴረሙ ገለባ መምሰሉ ቀርቶ ይቀላል፣ ላቦራቶሪውም ሊመልሰው ይችላል። ቱቦውና ቅጹ ላይ የቺፑ ቁጥርና ደሙ የተወሰደበት ቀን ይጻፍ። ሴንትሪፊዩጅ ለማግኘት መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጠይቁ።

ወረቀት ጨራሽ
ዶክተር ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀኑን በፈረንጆች አስጽፉ። «20/07/2017» የሚል ካርድ ፍራንክፈርት ላይ በፈረንጆች ጁላይ 2017 ተብሎ ይነበባል፤ ጊዜው ካለፈ ዓመታት የተቆጠሩበት ክትባት ይመስላል። ወሩም በቁጥር ሳይሆን በፊደል ይጻፍ።

ቆጠራውም በእነሱ ይሁን። ቺፕና ክትባት ጥቅምት 1 ብታስደርጉ ኦክቶበር 11 ቀን 2025 ነው። ደም ኅዳር 3፣ ማለትም ኖቬምበር 12 ይወሰድ። በእኛ ሦስት ወር ስትቆጥሩ የካቲት 3 ላይ ትደርሳላችሁ፣ እሱ ግን ፌብሩዋሪ 10 ነው፤ ሁለት ቀን ይጎድላል። የሚሞላው ፌብሩዋሪ 12፣ የካቲት 5 ነው። እናንተ መጋቢት 1 ብትሄዱ 26 ቀን ትርፍ አላችሁ።

የመጨረሻው የጤና ምስክር ወረቀት ኅብረቱ ያወጣው ቅጽ ነው፤ ለፍራንክፈርት በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ። የሚፈርመው የመንግሥት ሐኪም ነው፣ ለዚህም አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ዘንድ ትሄዳላችሁ። ከተፈረመ በ10 ቀን ውስጥ አውሮፓ መግባት አለባችሁ፤ ቀድማችሁ አታስፈርሙ።

የሣጥን ነገር
አናጢ ቢሠራው ችግር የለውም። ውሻው ቆሞ ይለካ፦ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ሥር፣ ከመሬት እስከ ክርኑ፣ የትከሻው ስፋት፣ ከመሬት እስከ ጆሮ ጫፍ ወይም አናት፣ ከፍ ያለው። ርዝመቱ የመጀመሪያው ልክ ሲደመር የክርኑ ግማሽ፣ ወርዱ የትከሻው እጥፍ፣ ቁመቱ የመጨረሻው ልክና የምንጣፉ ውፍረት። በ80፣ 30፣ 22 እና 65 ሴንቲ ሜትር፣ ምንጣፉን በ3 ብንወስድ 95 በ44 በ68 ይወጣል። ይህ የውስጥ ልክ ነው፤ የኮምፖርሳቶው ውፍረት በላዩ ይታሰብ። በአራቱም ጎን አየር ይግባ፣ ቀዳዳው ግን አፍንጫም እግርም አያሳልፍ። ምስማር ወደ ውስጥ እንዳይወጣ በብሎን ይታሰር። የውኃ ዕቃው በሩ ላይ ታስሮ ከውጭ የሚሞላ ይሁን።

ሣጥኑ ከአንድ ወር በፊት ቤት ገብቶ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ምግቡን እዚያ ይብላ። ማደንዘዣ አትስጡት፤ አየር ላይ የደም ግፊቱንና አተነፋፈሱን ያወርድበታል። ወደ አዲስ አበባ በመኪና ከሆነ ሌሊት ተነሡ፣ የጊቤ በረሃ ሳይግል ይታለፍ።

የሄርማታዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለድመትም ያው ነው? እኛ ቀድመን ሄደን ቡቺን ወንድሜ ቢያመጣውስ?

የእንስሳት ሐኪም
ለጀርመን ድመቷም ቺፕ፣ ክትባት፣ ደም፣ ሦስት ወር ናት። ወንድምሽ ማምጣት ይችላል፤ የጽሑፍ ፈቃድ ስጪው፣ የእናንተና የእሱ ጉዞ ግን ከ5 ቀን በላይ አይራራቅ፤ ካለፈ እንደ ንግድ ይታያል፣ ወረቀቱም ሌላ ነው። ፍራንክፈርት ሲደርስ በአረንጓዴው መስመር አይውጣ፤ በቀዩ ገብቶ ለጉምሩክ ያሳውቅ፣ ዋናዎቹንም ወረቀቶች በእጁ ይያዝ።