ለእናቴ ወገብ የሚመች ያገለገለ አውቶሞቢል፦ መርሴዲስ፣ ቢኤምደብልዩ ወይስ ሌክሰስ?

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)

ሰላም እንዴት ናችሁ? ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ ወገቧን ከታመመች ቆየች፤ ጉልበቷም እየከዳት ነው። ለሕክምና መሃል ከተማ የማመላልሳት እኔ ነኝ። ያለችኝ ትንሽ መኪና ታማኝ ናት፤ ግን ኮብልስቶን ላይ ስትገባ አጥንት ታነቃንቃለች። እናቴ አትናገርም፤ የበሩን እጀታ ጭምቅ አድርጋ ስትይዝ ግን አያታለሁ። አንዳንድ ቅዳሜ ደግሞ በፈጣን መንገዱ አዳማ አክስቴ ጋ እንወርዳለን።

አዲስ መኪና ከአቅሜ በላይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም አስቤ ነበር፤ ብሎካችን ግን ቻርጅ ማድረጊያ የለውም። ስለዚህ በዘመናቸው የሀብታም መኪና የነበሩ፣ አሁን ዕድሜ የጠገቡትን እያየሁ ነው። ዋጋቸው የተቀራረበ ሦስት አግኝቻለሁ፦ መርሴዲስ ኢ 200 የ1994፣ ቢኤምደብልዩ 523 የ1998 እና ሌክሰስ ኤልኤስ 400 የ1998። ዓመቱ በፈረንጆች ነው። ሦስቱም አውቶማቲክ ናቸው።

የኋላ ወንበሩ ለእናቴ እንዲመች፣ መንገድ ላይ እንዳትጥለኝ፣ ስትበላሽም ዕቃዋ እዚሁ እንዲገኝ እፈልጋለሁ። የነዳጁም ነገር ያሳስበኛል። የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ (ከለገጣፎ፣ ሌክሰስ ያለው)

እህቴ፣ ምቾት ካልሽ ሌክሰስ ነው። እኔ የምነዳው ኤልኤስ 400 ነው። ቶዮታ ይህን መኪና በ1989 ያወጣው ከጀርመኖቹ ትልልቅ አውቶሞቢሎች ጋር ሊፎካከር ብሎ ነው፤ ለጸጥታውና ለልስላሴው ምንም አልሰሰተም። ሞተሩ 4 ሊትር፣ 8 ሲሊንደር ነው። ቆሞ ሲሠራ ድምፁ አይሰማሽም።

ዕቃና ባለሙያ ላልሽው፣ እኛ አገር ቪ 8 ሲባል የሚታሰበን ላንድክሩዘር ነው አይደል? የላንድክሩዘር 100 የቤንዚን ቪ 8 ሞተር የዚሁ ቤተሰብ ነው። ያንን ሲሠራ የኖረ መካኒክ የሌክሰሱን ኮፋኖ ሲከፍት አይደነግጥም።

ድክመቷን ልንገርሽ። ዋናው ታይሚንግ ቤልቱ ነው፤ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስኬደው የጎማ ቀበቶ ማለት ነው። ከ100,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ መቀየር አለበት። የ1998ቱ ሞተር ቪቪቲአይ (የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክል ሥርዓት) ያለው ነው፤ በእሱ ላይ ቤልቱ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ሻጩ የተቀየረበትን ደረሰኝ ካላሳየሽ እንዳልተቀየረ ቁጠሪው። የውሃ ፖምፓውን የሚያሽከረክረው ይኸው ቤልት ስለሆነ አብሮ ይቀየር። ሌላው፣ የመሪ ዘይት ፖምፓው ማንጠባጠብ ሲጀምር ዘይቱ ከሥሩ ባለው ዲናሞ ላይ ይወርዳል፤ ዲናሞውን ይገድለዋል። ሞተሪኖውም (ሞተሩን የሚያስነሳው) በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መሃል ተቀብሮ ነው የተቀመጠው። እሱን ለማውጣት ከላይ ያለው ብዙ ነገር ስለሚፈታ የእጅ ዋጋው ይበዛል።

ነዳጅ ትጠጣለች፤ ይህን አልደብቅሽም። ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 ሊትር በታች አትጠብቂ።

መልስ (ከቃሊቲ፣ መካኒክ)

ልጄ፣ ቃሊቲ ጋራዥ አለኝ፤ ብዙውን ዕድሜዬን የጀርመን መኪና ስፈታ ስገጥም ነው የኖርኩት። የለገጣፎው ወንድማችን ያለው ሁሉ ልክ ነው። ግን "መንገድ ላይ እንዳትጥለኝ" ብለሻል። ለእሱ እኔ መርሴዲሱን እመርጣለሁ።

ይህች ደብልዩ 124 የምትባለዋ ናት። እያንዳንዱ የኋላ እግር በአምስት ክንድ ነው የተያዘው፤ ለዚህ ነው ኮብልስቶን ላይ የማትዘለው። ጎሚኒዎቹ (በክንዶቹ መጋጠሚያ ያሉት ጎማዎች) ካረጁ ግን ያ ምቾት የለም፤ እንደ ጭነት መኪና ትንኳኳለች። ደግነቱ ጎሚኒ መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም። ሞተሯ በቤልት ሳይሆን በካቴና (በብረት ሰንሰለት) ነው የሚዞረው። ሶማሌ ተራ ብትሄጂ የተፈታም አዲስም ዕቃ ታገኛለሽ። ጎማዋ 195/65 በ15 ነው፤ ይህ ልክ በየጎማ ቤቱ አለ።

አሁን የምነግርሽን ግን ልብ በይ። ከ1992 እስከ 1995 ገደማ የተሠሩት ላይ የሞተሩ ሽቦ ልባስ ሙቀት ሲበዛበት የሚፈራርስ ዓይነት ነበር። ልባሱ ሲላጥ ሽቦ ከሽቦ ይነካካል። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ያለ ምክንያት ይጠፋል፣ ብሎም የሞተሩን ኮምፒውተር ያቃጥላል። ያየሻት የ1994 ስለሆነች ይህ በቀጥታ ይመለከታታል። ሽቦው ተቀይሮ ከሆነ ትልቁ ሥጋት ወረደ ማለት ነው። ካልተቀየረ ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

ላሜራውንም እይ። ክሪክ የሚገባበት ቦታና ከባትሪው ሥር ያለው ይዝጋል። ስቱኮ ሞልተው ቀለም የቀቡት ስለሚኖር ማግኔት ይዘሽ ሂጂ። ስቱኮ ባለበት ማግኔት አይዝም።

መልስ (ከለቡ፣ ቢኤምደብልዩ የሚነዳ)

ሁላችሁም ቢኤምደብልዩዋን ዘለላችኋት! እኔ ኢ 39 አለኝ፤ ያንቺ 523 ያለችበት ሞዴል ማለት ነው፤ እንደ እሷ መሪ ሲይዙት ደስ የሚል መኪና አላውቅም። ፈጣን መንገዱ ላይ መሬት ቆንጥጣ ነው የምትሄደው። ወንበሯም ለረጅም መንገድ ይመቻል። 6 ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር ነው፤ ከሌክሰሱ ያነሰ ነው የምትጠጣው።

እሷን የምትገድላት ማቀዝቀዣዋ ናት። የራዲያተሩ ጫፍና የውሃ ማጠራቀሚያዋ ፕላስቲክ ናቸው፤ ከጊዜ ብዛት ይሰነጠቃሉ። የውሃ ፖምፓውም በብዙዎቹ ላይ ውሃውን የሚገፋው ምላሱ ፕላስቲክ ነው። ራዲያተሩን፣ ማጠራቀሚያውን ከነክዳኑ፣ ፖምፓውን፣ ተርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋውን)፣ ቱቦዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀይሮ መገላገል ነው። እኔ እንደዚያ አድርጌ በሰላም እነዳለሁ። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ስትበላሽ እያሉ የሚቀያይሩ ሰዎች ናቸው የሚሰቃዩት።

አንድ ሌላ ነገር። የሙቀት ጌጇ ሙቀቱ ሰፋ ባለ መጠን ቢለዋወጥም መሃል ቆማ እንድትቀር ተደርጋ ነው የተሠራችው። መርፌዋ ስትነሳ ሞተሩ ቀድሞ ሞቋል። "ጌጇ መሃል ላይ ናት" ብለሽ አትተማመኚ።

መልስ (ከሱሉልታ)

የለቡው ልጅ ያነሳው ነገር ለሦስቱም መኪኖች ስለሚሠራ ትንሽ ላስፋው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የእነዚህ መኪኖች ሞተር ደግሞ በመደበኛ ሥራው እዚያው አካባቢ ነው የሚሞቀው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው በክዳኑ የታፈነው ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ ወይም ቱቦ ከተሰነጠቀ ግፊቱ ይወርዳል፤ ውሃው ወዲያው ይፈላል፤ ቀጥሎ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል። ክዳን ርካሽ ነው። የተጣመመ ቴስታታ ግን ኪስ ያራቁታል።

ስለዚህ የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚሞላ ሻጭ ካጋጠመሽ ተጠንቀቂ። ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፤ መፍያውንም ከፍ ያደርጋል። ተርሞስታቱ ወጥቶ የተጣለበት መኪናም አለ። ሞቀ ሲባል እሱን አውጥቶ መጣል መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። እኔ እንደዚያ ያለ መኪና አልገዛም፤ የተደበቀ ችግር አለ ማለት ነው።

ከመግዛትሽ በፊት መኪናዋን ከከተማ ወደ እንጦጦ አቀበት ንጃት። ወይም ለአንቺ ስለሚቀርብ አዳማ ደርሰሽ ተመለሺ። አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ስትመለሺ አብዛኛው ዳገት ነው። ቆመሽ ሞተሩ እየሠራ ጠብቂ፤ ቬንትሌተሩ በጊዜው ሲነሳ ስሚ።

ጉልበትም እዚህ ይቀንሳል። አየሩ ሳሳ ስላለ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማውን ያጣል። ሌክሰሱ አይታወቀውም። ኢ 200 ግን ፋብሪካ ላይ 136 የፈረስ ጉልበት ነው ያላት። አራት ሰው ጭነሽ ዳገት ላይ ለመቅደም አትቸኩዪ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሽዬ የቃሊቲው፣ የማግኔቱን ነገር ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ። አንድ ጥያቄ ልጨምር። የሌክሰሱን ደላላ ሳናግር "መኪናዋ የድርጅት ነበረች፤ ሊብሬው እየተስተካከለ ነው፣ በውክልና ያዢው" አለኝ። ዋጋውም ከሌሎቹ ዝቅ ሊል እንደሚችል ነገረኝ። ይህ እንዴት ነው?

መልስ (ከገላን፣ ጉዳይ አስፈጻሚ)

እህቴ፣ እዚህ ላይ ቁሚ። "እየተስተካከለ ነው" የሚባል ሊብሬ ላይ ገንዘብ አትክፈዪ። በመጀመሪያ የምትጠይቂው መኪናዋ ቀረጥ የተከፈለባት ናት ወይ የሚለውን ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባች መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ስምሽ አትዞርም። ያ ክፍያ ደግሞ "ርካሽ ነው" ያልሽውን ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ምን ያህል እንደከበደ ገበያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

የሻሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በዓይንሽ አስተያዪ። ሞተር ተቀይሮ ካልተመዘገበ ለቦሎ ምርመራ ስትሄጂ ችግሩ የአንቺ ይሆናል። ከዚያ ፋይሉ ካለበት አሽከርካሪና ተሽከርካሪ ቢሮ ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት አረጋግጡ። ውክልና የባለቤትነት ዝውውር አይደለም። ወካዩ ሊሽረው ይችላል፤ ቢሞትም ይቋረጣል።

መልስ (ከአያት፣ አባቷን የምታስታምም)

እኔ ስለ ሞተር ብዙም አላውቅም። አባቴን ወደ ሐኪም ስለማመላልስ ግን የማውቀውን ልንገርሽ። የወገብና የጉልበት ሕመምተኛ ብዙ የሚሰቃየው ሲገባና ሲወጣ ነው። ወንበሩ ሲበዛ ዝቅ ካለና ከለሰለሰ ሰው ውስጡ ይሰምጣል፤ መነሳት ያቅተዋል። እናታችንን ይዘሻቸው ሂጂ። ራሳቸው ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይውጡ። የበሩ ወርድና የጣሪያው ከፍታ እንዴት እንደሆነ ያኔ ታዪዋለሽ። የፊት ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቶ ከኋላው የበለጠ ሊመቻቸውም ይችላል።

ጠያቂዋ

የአያቷ እህቴ፣ ምክርሽ ጠቀመኝ። እናቴን ይዣት ሄድኩ። ሌክሰሷ ውስጥ ስትቀመጥ ፊቷ ፈካ፤ "ይኼስ ሶፋ ነው" አለች። ስትወጣ ግን እኔና ወንድሜ ደግፈን ነው ያስነሳናት። መርሴዲሷ ወንበሩ ጠንከር፣ ቀና ያለ ነው፤ በሩን ይዛ ራሷ ወጣች። የቢኤምደብልዩዋ የኋላ በር ለእግሯ ጠበባት።

የሌክሰሷን ወረቀት ነገር ካያችሁልኝ በኋላ ትቼዋለሁ። መርሴዲሷን አስቤያለሁ፤ ማግኔቱ በሁሉም ቦታ ይዟል። ሽቦው ተቀይሮ እንደሆነ ግን ሻጩ አያውቅም። ጋሽዬ፣ እንዴት ልየው?

መልስ (ከቃሊቲ፣ መካኒክ)

አይዞሽ ልጄ፣ ከባድ አይደለም። ሻጩን ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ እንዲያድር ንገሪው። ጠዋት ስትደርሺ ኮፋኖው ላይ እጅሽን አድርጊ፤ ከሞቀ አስነስቶታል ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ቅጠሪው። ከቀዘቀዘ መጀመሪያ ሽቦውን እዩ። ወደ ኢንጄክተሮቹ (ነዳጅ ረጪዎቹ) የሚሄደውን ጥቅል፣ ከሶኬቱ አጠገብ ያለውን የውጭ ሽፋን ትንሽ ገለጥ አድርጉ። የውስጡ ሽቦ ልባስ ሲጎበጥ ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ደረቅ ቅጠል ከተሰነጠቀ ወይም መዳቡ ከታየ መቀየር አለበት። ጥቅሉ ላይ የተሠራበት ቀን ያለው መለያ ሊኖር ስለሚችል እሱንም ፈልጉ፤ ከመኪናዋ ዘግየት ያለ ዓመት ካለው ተቀይሯል።

ከዚያ አስነሱት። ካቴናው ሲነሳ ትንሽ ቢንኳኳና ዘይት ሲደርሰው ዝም ቢል አያሳስብሽ። ካልተወ ግን ያሳስብ። የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይቱ ቀይ መሆን አለበት፤ ከጠቆረና የተቃጠለ ከሸተተ እንነጋገር። ቴስታታውና ብሎኩ የሚገናኙበትን መስመር በባትሪ መብራት እዩ፤ በመሃላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ዘይት እያላበው ከሆነ የሥራውን ዋጋ ከግዢው ላይ ታስቀንሻለሽ። ጋራዥ ወስደሽ ተነስታ ከሥሯ ሳትታይ ቀብድ እንዳትከፍዪ።