«ድግሱ ራሱ ትችት ነው» ላላችሁት

የቂርቆስ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ «የ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) ታላቁ ጋትስቢ ፊልም የአሜሪካን ህልም ቅዠትነት ከመጽሐፉ በላይ አጋልጧል፤ ድግሱ ራሱ ትችት ነው» ተብሎ ላይክ ሲዘንብ ዋለ። የፊትዝጄራልድን መጽሐፍ ገልጣችሁታል ግን? ዳይሬክተሩ ባዝ ለርማን የጋትስቢን አባት ከቀብሩ አስቀርቷቸዋል። በ1974ቱ ፊልም ሽማግሌው አሉ። በመጽሐፉ ይዘውት የመጡት ልጃቸው በልጅነቱ የጻፈው የ1906 የቀን ፕሮግራም ነው፦ 12 ሰዓት መነሳት፣ ከ12፡15 እስከ 12፡30 ስፖርት፣ ከ1፡15 እስከ 2፡15 ኤሌክትሪክ ማጥናት። በሳምንት 5 ዶላር መቆጠብ ብሎ ሰርዞ 3 አድርጎታል። ህልሙ ያለው እዚያ ስርዝ ላይ ነው። እሱን አውጥተህ ርችት ስትተኩስ የቀረህ የፍቅር ፊልም ነው።

ሰነፍ ተማሪ፦ መጽሐፉ 6 ሰዓት ነው የሚለው።

የቂርቆስ ልጅ፦ በእኛ አቆጣጠር ጻፍኩልህ። እኩለ ቀን ላይ ይነሳ?

ማህደር፦ «ድግሱ ራሱ ትችት ነው» ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልሸሽም። ታሪኩን የሚተርክልንን ኒክን ፊልሙ ላይ መጀመሪያ የምናገኘው የት ነው? ሳናቶሪየም (ማገገሚያ) ውስጥ፣ መጠጥ ጎድቶት። መጽሐፉ ላይ ይሄ የለም፤ ፊልሙ የጨመረው ነው። ድግሱን በሙሉ የምናየው በታመመ ሰው ትዝታ ነው ማለት ነው። አመድ የሚዝቁት ሰዎችስ? ጋትስቢ ያደገበት የሰሜን ዳኮታው ድህነትስ? አለ እኮ!

የቂርቆስ ልጅ፦ ትችት ከሆነ ብሩክስ ብራዘርስ በፊልሙ ስም ሱፍ አውጥቶ ለምን ሸጠ? ቲፋኒስ ጌጡን የሠራው ለትችት ነው? ትችቱ በስንት ቁጥር ይለበሳል?

ማህደር፦ የሱቁን ጉዳይ ለባለሱቁ ንገረው። የዲቪ ሰሞን ሲደርስ ይሄን ፖስትህን አስታውስሃለሁ።

ጋሽ መነጽር፦ ልጆች፣ ሱፉን ተዉትና ስልኩን እዩ። በመጽሐፉ ጋትስቢ መዋኛ ገንዳው ውስጥ ሆኖ የሚወዳትን የዴዚን ስልክ ሲጠብቅ ማንም አይደውልም። ኒክም «ይመጣል ብሎ ራሱም ያመነ አይመስለኝም፤ ምናልባትም ግድ አልነበረውም» ዓይነት ነገር ይላል። ሰውየው ከመሞቱ በፊት ነቅቷል ማለት ነው። ፊልሙ ላይ ግን ስልኩ ይጮኻል፣ ዴዚ ናት ብሎ ከገንዳው ሲወጣ ይመታል፣ ስሟን ጠርቶ ይወድቃል። የደወለው ኒክ ነው። ቅዠቱን አጋለጠ የምትሉት ዳይሬክተር ሰውየውን ከነቅዠቱ ነው የቀበረው።

ማህደር፦ ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእኔን ይደግፋል! እኛ ኒክ መሆኑን እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም። ከዚህ በላይ ማጋለጥ ምን አለ?

ጋሽ መነጽር፦ አንቺ አዳራሹ ውስጥ የምታለቅሺው ግን ለቅዠቱ ነው።

ማህደር፦ እኔ አላለቀስኩም።

ሰነፍ ተማሪ፦ ሶስቱንም ተዉት፣ የ1926ቱ ፊልም ይሻላል።

የቂርቆስ ልጅ፦ የት አይተኸው? ጠፍቷል እኮ። የተረፈው ማስታወቂያው ብቻ ነው።

ሰነፍ ተማሪ፦ እሱን ነው የምልህ። ከሁሉም ታማኙ እሱ ነው።

የቂርቆስ ልጅ፦ 😂 ማህደር፣ በዚህ ሳቅ እንዳታመልጪ። የሱፉን ጥያቄ መልሺ።

ማህደር፦ መጀመሪያ ሳናቶሪየሙን መልስልኝ።