ከዮጎፍ ደን እስከ ሎጎ ዳርቻ፦ የኮረኮንቹን ጉዞ እቅድ አብረን እንጨርሰው

ጸሐፊዋ፣ ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እንደተባባልነው የመስመሩን ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ። ለዞኑ የስፖርትና የቱሪዝም ሰዎች የምናስገባው በብስክሌት ማኅበራችን ስም አንድ ሐሳብ ስለሆነ የምታውቁትን ጨምሩበት፣ የማይሆነውን አይሆንም በሉ።

ረቂቁ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በግራቭል ብስክሌት ከደሴ ፒያሳ ተነስተን በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። ከሰዓት ዮጎፍ ደን ውስጥ እንነዳለን። እሑድ በመኪና ወደ ሐይቅ ከተማ ሄደን የአርዲቦን ሐይቅ እናያለን፣ ከዚያ በሎጎ ሐይቅ ዳር ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እንጨርሳለን። ደኑም ኮረብታውም ውሃውም በሁለት ቀን ይካተታል። በባሕር ዳርቻ መንዳት አማረኝ የሚል ሰው ካለ ሎጎን ይይ። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቀቱ 88 ሜትር ይደርሳል። የእኛ ባሕር እሱ ነው።

እስከ ሐሙስ ማታ እጠብቃለሁ።

አባል፣ ከኮምቦልቻ፦
እህቴ እጅሽ ይባረክ። ግን ሐረጎን አውጪልኝ።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ እንወርዳለን። እኔ አንድ ጊዜ ወርጄዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ነፋሱም ደስ ይላል፣ ከታች ሸለቆው ተዘርግቶ ሲታይ ሌላ ነው። ግማሽ ላይ ስደርስ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ለካ ከላይ ጀምሮ ፍሬኑን አንዴም ሳልለቅ ይዤው ነው የመጣሁት። ዳር ይዤ ቆምኩና ቸርኬውን በጣቴ ነካ አደረግኩት፣ ጣቴን ላጠኝ። ቸርኬ ያን ያህል ሲግል ካላማዳሪያው፣ ማለትም ነፋስ የሚይዘው የውስጥ ጎማ፣ ሊፈነዳ ይችላል፣ ከኋላዬ ደግሞ ተሳቢ መኪና ነበር። ይህን መንገድ ለጀማሪ መስጠት የለብንም።

ደግሞ አስፋልት ነው እኮ። ኮረኮንች ልንነዳ ወጥተን ግማሹን ቀን ከአይሱዙና ከሚኒባስ ጋር ስንጋፋ ልንውል ነው? እኔ የምለው ዮጎፍን ለብቻው አንድ ቅዳሜ፣ ሐይቆቹን ለብቻቸው ሌላ ቅዳሜ እናድርጋቸው። የደሴ ልጆች ብስክሌታቸውን አይሱዙ ላይ ጭነው ይምጡ፣ የእኛም ልጆች ለሐይቁ እንደዚያው ይውጡ። በአንድ መስመር ካልተቀጠለ የሚል ሕግ የለብንም።

ተማሪው፣ ከሆጤ፦
እኔም ሁለት ቅዳሜ በሚለው እስማማለሁ። የምጠይቀው ግን ጋሼን ነው። ጋሼ፣ ረቂቁ ላይ ግራቭል ብስክሌት ይላል። እኛ ያለን ያገለገለ ማውንቴን ነው። አንችልም ማለት ነው?

ጋሼ፣ ብስክሌት ጠጋኙ፦
አብሽር ልጄ፣ ስሙ አያስጨንቅህ። ግራቭል የሚሉት መሪው እንደ ኮርሳ ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው ግን ሰፋ ያለ ብስክሌት ነው። ኮርሳ ባለ 25 ወይም ባለ 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ነው የሚያስረው፣ ግራቭል ከ35 እስከ 50 ይይዛል። ያንተ ማውንቴን ከዚያም ይሰፋል። ከበድ ይልሃል፣ አስፋልት ላይ ያዘግምሃል፣ ዮጎፍ ላይ ግን ምንም አይልህም። ጸሐፊያችን «ግራቭል» የሚለውን አውጥታ «ጎማው ከ35 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ማንኛውም ብስክሌት» ብላ ትጻፈው። ያን ጊዜ ማንም ከደጅ አይቀርም።

ከብስክሌቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነፋሱ ነው። ልጆች ጎማቸውን እንደ ድንጋይ አስነፍተው ይመጣሉ። ኮረኮንች ላይ የደረቀ ጎማ ይዘላል፣ ሲዘል መሬቱን ይለቃል፣ መሬቱን ሲለቅ ፍሬን አይዝም። ባለ 40 ጎማ ከሆነ ከ30 እስከ 40 ፒኤስአይ (የነፋሱ ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል፣ ቀለል ያለ ሰው ወደ 30 ይጠጋ። በጣምም አታለስልሱት። ድንጋይ ሲመታው ካላማዳሪያው ከቸርኬው ጋር ይጨፈለቅና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ሁለት ቀዳዳ አንድ ላይ ካያችሁ እሾህ አትፈልጉ፣ ነፋሱ አንሶ ነው።

አንድ ቀዳዳ ከሆነ ግን እሾህ ነው። እዚህ ላይ አደራ። ካላማዳሪያውን ለጥፋችሁ ወዲያው አትመልሱ። መጀመሪያ ኮፐርቶኑን፣ የውጭውን ጎማ፣ በውስጥ በኩል በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ፣ እሾሁ ጫፉ ብቻ ወጥቶ እዚያው ተሰክቶ ይጠብቃችኋል። ኮምቦልቻ በኩል ግራር አለ፣ የግራር እሾህ ከውጭ ተሰብሮ ከውስጥ ይቀራል። ባለፈው አንድ ልጅ ሦስት ጊዜ ለጥፎ ሦስት ጊዜ ተነፈሰበትና እያለቀሰ መጣ። ስዳብሰው የጥፍር ቁራጭ የምታህል ስባሪ አገኘሁ። ማስቲሽ፣ ልጣፍና ፖምፓ ለአምስት ሰው አንድ አንድ ይኑር። ጎሚስታ እዚያ ጫካ ውስጥ የለም።

አባል፣ ነርስ፣ ከደሴ፦
ሁለት ነገር አለኝ።

የመጀመሪያው መጨረሻችን ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን ሁላችንም እንወደዋለን፣ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአባ ኢየሱስ ሞአ ጀምሮ ስንት ሊቅ የወጣበት ቤት ነው። ግን የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አትገባም። ሥርዓቱን አከብራለሁ፣ ይለወጥም አልልም። ሆኖም ቀኑን ሙሉ አብረን ነድተን ማጠቃለያው ላይ ወንድሞቻችን ሲገቡ እኛ ብስክሌት እየጠበቅን በር ላይ መቆም ልክ አይመስለኝም። ማብቂያው የሎጎ ዳርቻ ይሁን፣ ሁላችንም እግራችንን ውሃ ውስጥ የምንነክርበት ቦታ። መሳለም የፈለገ ከዚያ በኋላ በራሱ ይሂድ።

ሁለተኛው ይበልጥብኛል። ዮጎፍን ጠዋት የወጣችሁበት ታውቃላችሁ። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ። ሸክሙ ከጀርባቸው በግራም በቀኝም ወጣ ብሎ መንገዱን ይሞላዋል። ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ የሚያዩት እግራቸው ሥር ያለውን ጠጠር ብቻ ነው፣ ዞር ማለት አይችሉም። አንዷን ተከትዬ ወርጃለሁ። ገመዱ ደረቷ ላይ ተጋድሞ ነጠላዋን ጠልቆበት ነበር። ጎማዬ ጠጠር ሲያንኳኳ ሰማችና ከነሸክሟ ወደ ገደሉ በኩል ሸሸች። ወደ ገደሉ! መንገድ ልትለቅልኝ። ብስክሌቴን አስተኝቼ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ «ምን አደረግሽ ልጄ፣ እለፊ» አለችኝ። ያ ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ስለዚህ የመስመሩ አቅጣጫ ይለወጥ። ረቂቁ ከሰዓት ወጥተን ሲመሽ ከኋላቸው እንድንወርድ ነው የሚያደርገው። እኔ የምለው ጠዋት እኛ ሽቅብ እንውጣ። እነሱ ቁልቁል ሲመጡ ፊት ለፊት እንገናኛለን፣ እኛም ዳገት ላይ ስለሆንን ቀርፋፎች ነን፣ ወርዶ መቆም ቀላል ነው። ቁልቁለቱን መንገዱ ባዶ ሲሆን ከረፋዱ በኋላ እናድርገው። ደወል የሌለው ብስክሌት አይግባ። ለአህያም እንደዚያው፣ አህያ ካየን ወርደን እንግፋ።

አባል፣ ከኮምቦልቻ፦
እውነትሽን ነው እህቴ። እኔ እዚያው አድጌ አቅጣጫውን እንዲህ አስቤው አላውቅም። ይግባ። ላይ ደግሞ ጥዱና ወይራው ያለበት ጥላ አለ፣ እዚያ ምሳ በልተን ፀሐዩ በረድ ሲል እንወርዳለን። ከመኪና መንገዱ ወጥተን በዛፉ መሀል አዲስ ዱካ አንክፈት። ደኑ ጥብቅ ነው፣ የሚጠብቁትን ሰዎች ቀድመን ሄደን እናናግራቸው።

ሌላ አባል፦
ባቲን ለምን ረሳችሁት? የሰኞ ገበያው፣ ግመሉ፣ ቆላው…

ጋሼ፦
ባቲ መልካም ነው፣ ግን አስፋልት ነው፣ ይሞቃል፣ ሰኞ ደግሞ ሰው ሥራ ላይ ነው። ለሌላ ጊዜ። ይልቅ ለጀማሪዎች ቦሩ ሜዳን አስገቡልኝ። ከደሴ ወጣ ብሎ ሜዳ ነው፣ መኪና አይበዛም፣ ሰው ኮረኮንች ላይ ሚዛን መጠበቅ የሚማረው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ መሆኑንም እግረ መንገድ ለልጆቹ እንነግራቸዋለን።

ተማሪው፦
ጋሼ በጣም ጥሩ። ከኮምቦልቻ የሚመጡትም ከፍታውን እዚያ ይለማመዱት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ከታች መጥቶ ወዲያው ቀጥ ያለ ዳገት የጀመረ ሰው ትንፋሹ ይቆረጣል።

ነርሷ፦
ከራስ ምታት ጋር ማቅለሽለሽ የመጣበት ሰው እችላለሁ ብሎ አይግፋ፣ ይቁም። የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥኑን እኔ እይዛለሁ።

ጸሐፊዋ፦
ሁሉንም አንብቤያለሁ። ወቅቱን እንወስን። ክረምቱ እንደወጣ መስከረም ላይ አረንጓዴው ያምራል፣ ግን ዋልካው ገና አልደረቀም። ዋልካ ላይ የነዳ ያውቀዋል፣ ጎማውን ጠቅልሎ ሹካው ውስጥ ይወተፍና ብስክሌቱ ከቆመበት አይንቀሳቀስም። የካቲትና መጋቢት ደግሞ በልግ አለ። ኅዳር አጨዳ ነው፣ ከኅዳር 15 ጀምሮም የነቢያት ጾም ስለሚገባ ሎጎ ዳር ዓሣ እንብላ ብንል አብዛኞቻችንን አያካትትም። ስለዚህ የጥቅምት የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ብዬዋለሁ። ቅዳሜ ያልኩት ዓርብ ጁምዓ ስላለ፣ እሑድም ቅዳሴ ስላለ ነው። የሚቃወም አለ?

አባል፣ ከኮምቦልቻ፦
የለም። የቀበሌዎቹን ነገር ግን ጻፊው። በየምናልፍበት ቀበሌ ከሳምንት በፊት ሄደን እናሳውቅ። መንገዱ በዚያ ሰሞን ደኅና መሆን አለመሆኑን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ አትምጡ ካሉን አንሄድም። ከየቀበሌው ሁለት ወጣት መንገድ መሪ ይሁንልን፣ ይከፈላቸው። የሰው ቀዬ አቋርጠን አቧራ ብቻ ትተን ማለፍ ደስ አይለኝም።

ነርሷ፦
ምሳውም ከእነሱ ይገዛ። ከከተማ በፌስታል ተሸክመን አንሂድ።

ጸሐፊዋ፦
እሺ። የተስተካከለው ይኸው፣ ካያችሁት በኋላ አስገባዋለሁ። የሐረጎ ቁልቁለት ወጥቷል። አንደኛው ቅዳሜ ዮጎፍ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ከኮምቦልቻ ሽቅብ፣ ምሳ ላይኛው ጥላ፣ ቁልቁል ከሰዓት። ሁለተኛው ቅዳሜ ሐይቆቹ ናቸው። ብስክሌቱን እስከ አርዲቦ በመኪና እንወስዳለን። አርዲቦ ከሎጎ ከፍ ይላል፣ ውሃውም በወንዝ ወርዶ ሎጎ ይገባል፣ እኛም እንደ ውሃው ከላይ ወደ ታች ነድተን ዳርቻው ላይ እንጨርሳለን። ቦሩ ሜዳ ከሁለቱ በፊት የልምምድ ቀን ሆኖ ገብቷል። ብስክሌቱ ማንኛውም፣ ጎማው ከ35 ያላነሰ፣ ደወልና ሄልሜት ግዴታ። ሄልሜት የሌለው ይንገረኝ፣ ሦስት ትርፍ አሉ።

የቀረን አንድ ነገር ነው። ከአርዲቦ ሎጎ ያለውን መንገድ ከክረምቱ በኋላ ያየው ሰው የለንም። ድልድይ ወይም መሻገሪያ ጎርፍ ወስዶት ከሆነ ሐሳቡ ከመግባቱ በፊት ማወቅ አለብን። የፊታችን ቅዳሜ ሁለት ሰው ሄዶ ቢያየው ጥሩ ነው።

ተማሪው፦
እኔ እሄዳለሁ። ጋሼ ካልደከሙ አብረን እንሂድ።

ጋሼ፦
እመጣለሁ። 12 ሰዓት ፒያሳ። ነፋስህን 35 አድርገህ ና፣ ፖምፓውን እኔ እይዛለሁ።