ክርክር፦ የኮሌጅ ሆኪ ልጆች ኤንኤችኤል ገብተው ተሳክቶላቸዋል?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ርዕስ ባለፈው ሁለት አባላት ከተጨቃጨቁበት የመጣ ነው። አንዱ «በኤንኤችኤል፣ በሰሜን አሜሪካ ትልቁ ፕሮፌሽናል የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ከሦስት ተጫዋች አንዱ ገደማ ከአሜሪካ ኮሌጅ የመጣ ነው። ልጃችሁ ሆኪ የሚጫወት ከሆነ ኮሌጅ ይግባ» አለ። ሌላው «የኮሌጁ ነገር ወሬ ነው፣ ጎበዝ ልጅ የካናዳን ጁኒየር ሊግ (ከ16 እስከ 20 ዓመት ያሉ ልጆች የሚጫወቱበትን) ነው የሚመርጠው» ብሎ መለሰ። ከሚኒሶታም ከዴንቨርም ከካልጋሪም ልጆቻቸውን በሌሊት ወደ በረዶ ሜዳ የሚያመላልሱ ወላጆች እዚህ አሉ፤ ጥያቄው የብዙዎቻችን ነው። ከኮሌጅ የወጡት ልጆች ፕሮፌሽናሉ ሊግ ውስጥ እንዴት ሆኑ? ስም እየጠራችሁ ተከራከሩ። ስድብ የለም።

ሴንት ፖል፦ እኔ ልጀምር። የ2025ን ሽልማቶች ብቻ እዩ። የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ሃርት ትሮፊን የወሰደው ኮነር ሄለባክ ነው፣ የዩማስ ሎውል ኮሌጅ በረኛ። ምርጥ ተከላካይ ኬል ማካር፣ የዩማስ (የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ) ልጅ። ምርጥ አዲስ ገቢ ሌን ሃትሰን፣ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ። ሦስቱም ኮሌጅ ቤት ገቡ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

የካልጋሪው፦ ወንድሜ፣ ሦስት ሰው ጠርተህ ጨረስክ እንዴ? እኔም ልጥራ። ክሮስቢ፣ ማክዴቪድ፣ ማኪነን፣ ድራይሳይትል። አራቱም ከካናዳ ጁኒየር። ያንኑ 2025 በጎል ብዛት ሊጉን የመራው ድራይሳይትል ነው፣ 52 አግብቶ። ኮከብ በኮከብ ከሆነ እስከ ነገ እንቆጣጠራለን።

ዴንቨር በረዶ፦ ማኪነን ከጁኒየር ክለቡ ከሃሊፋክስ፣ ማካር ከዩማስ፤ በ2022 የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን አብረው አነሱ። ለእኛ ለዴንቨሩ ክለብ ለአቫላንች ደጋፊዎች ሁለቱም መንገድ ይሠራል 😄 በነገራችን ላይ ማካር ኤፕሪል 2019 የኮሌጅ ፍጻሜውን ተሸንፎ በሁለተኛው ቀን ለእኛ ተሰልፎ በመጀመሪያ ጨዋታው ጎል አገባ። ያውም በፕሌይኦፍ፣ በዋንጫው ጥሎ ማለፍ። ያውም በማን ላይ? በካልጋሪ። ያውም የካልጋሪ ተወላጅ ሆኖ።

የካልጋሪው፦ ቁስሌን አትንካ። 

የቦስተኗ እናት፦ ኮከብ ቆጠራውን እንተወውና እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ኮከብ ያልሆኑትስ? የእኔ ልጅ ማካር አይሆንም። መካከለኛ ተጫዋች ነው። ለእሱ የሚሆነውን ንገሩኝ።

በረኛው፦ እህቴ፣ ትክክለኛው ጥያቄ ያ ነው። ስም እንጥራ ከተባለ ደግሞ የሆቢ ቤከር ሽልማትን እንውሰድ። ከ1981 ጀምሮ የኮሌጅ ሆኪ የዓመቱ ምርጥ የሚወስደው ነው። በ2011 የማያሚ ኦሃዮው አንዲ ሚሊ ወሰደው። ኤንኤችኤል ውስጥ የተጫወተው 15 ጨዋታ ነው። በ2012 የሚኒሶታ ዱሉቱ ጃክ ኮኖሊ። አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። በ2013 የሴንት ክላውድ ስቴቱ ድሩ ለብላንክ። 2 ጨዋታ። በየዓመታቸው ከኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ የተባሉ ሦስት ልጆች ተደምረው 17 ጨዋታ!

አሁን የቀጠሉትን እዩ። 2014 ጆኒ ጎድሮ፣ 2015 ጃክ አይክል፣ 2019 ማካር፣ 2024 ማክሊን ሴሌብሪኒ። ሁሉም ሊጉ ውስጥ ኮከብ ሆኑ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። አይክልና ሴሌብሪኒ ግን አንድ አንድ ዓመት ብቻ ነው የቆዩት፣ ማካር ሁለት፣ ጎድሮ ሦስት። ሄለባክም ሁለት፣ ሃትሰንም ሁለት። ስለዚህ «የኮሌጅ ልጆች ተሳካላቸው» ስንል ባብዛኛው የምናወራው ኮሌጁን ሳይጨርሱ ስለወጡት ነው። ክለቡ በጣም የሚፈልገውን ልጅ አራት ዓመት አያስቀምጠውም። ተመርቆ የሚወጣው ያልተጠራው ነው። «ከሦስት አንዱ» የሚለው ቁጥር እነዚህን ሁለት ዓይነት ሰዎች ደባልቆ ነው የሚቆጥረው።

የካልጋሪው፦ በረኛው ተባረክ። ይህን ነው ስል የኖርኩት።

በረኛው፦ አይ፣ አንተ ያልከው ሌላ ነው። አንተ ጁኒየር ይሻላል አልክ። እኔ ያልኩት ቁጥሩ ይሸውዳል ነው።

የቦስተኗ እናት፦ ተመርቀው የተሳካላቸውስ? ዛክ ሃይመንን ረሳችሁት። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሙሉ ተማረ፣ በታሪክ ትምህርት። በ2010 ድራፍት (ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) ላይ ፍሎሪዳ በ123ኛ ነው የመረጠው። በ2023-24 ለኤድመንተን 54 ጎል አገባ። ማርቲን ሴንት ሉዊስም አለ። ቬርሞንት አራት ዓመት ተጫወተ፣ ድራፍት ላይ ማንም አልመረጠውም። አጭር ነው ተባለ። በ2004 የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም፣ በነጥብ (ጎልና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) አንደኛም፣ ከታምፓ ጋር የዋንጫ ባለቤትም ሆነ። አሁን ሞንትሪያልን የሚያሠለጥነው እሱ ነው። ያ አጭር ሃትሰን በእሱ እጅ ነው ያደገው።

በረኛው፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ፣ እንዲያውም ልጨምርልሽ። የኮሌጅ ትልቁ ስጦታ ጊዜ ነው። ድራፍት የሚደረገው በ18 ዓመት ነው። በዚያ ዕድሜ ያልበሰለ ልጅ ጁኒየር ውስጥ ከ20 ዓመቱ በኋላ በሩ ይዘጋበታል። ኮሌጅ ግን እስከ 23 እና 24 ያቆየዋል። በተለይ በረኛ ዘግይቶ ነው የሚበስለው። ሄለባክ ድራፍት ላይ 130ኛ ነበር፤ ከዚያ በፊት ኦዴሳ ቴክሳስ ውስጥ ነበር የሚጫወተው። ቴክሳስ! ማን ሄዶ ያየዋል? ጆ ፓቬልስኪም ከዊስኮንሲን በፊት 205ኛ ነበር የተመረጠው፤ ከ1,000 ነጥብ በላይ ይዞ ነው ጡረታ የወጣው።

ሴንት ፖል፦ ልምምዱንም አትርሱ። ኮሌጅ ውስጥ ጨዋታው በመደበኛው ውድድር 34 ገደማ ነው፣ ዓርብና ቅዳሜ። የቀረውን ሳምንት ጂምና ልምምድ ነው። ጁኒየር ውስጥ 68 ጨዋታ አለ፣ በአውቶቡስ ሌሊቱን እየተጓዙ። የ17 ዓመት ልጅ በዚያ መሀል መቼ ጡንቻ ያወጣል? መቼ ይማራል?

የካልጋሪው፦ ኤንኤችኤል ደግሞ ከ80 በላይ ጨዋታ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ብቻ የለመደ ልጅ ጃንዋሪ ላይ ትንፋሹ ያልቃል። አውቶቡሱ ያሠለጥናል እኮ። ሌላው ደግሞ ታማኝነት። የእኛ ክለብ ካልጋሪ አዳም ፎክስን መረጠ። ልጁ ሃርቫርድ ገብቶ ሁለት ዓመት ተቀመጠና አልፈርምም አለ። ሸጥነው፣ ካሮላይናም ሸጠችው፣ የኒውዮርኩ ሬንጀርስ ገባ፣ በ2021 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ካተር ጎቲዬም ፊላደልፊያ በ5ኛ ከመረጠው በኋላ አልፈርምም ብሎ አናሃይም ገባ። ይህ ምን ዓይነት ጨዋነት ነው?

ዴንቨር በረዶ፦ ጨዋነት ስትል ሳቅኩ። ክለብ ልጁን በፈለገበት ቀን ይሸጠዋል፣ ያኔ ጨዋነት የት አለ? ሕጉ ነው። እነሱ በተመረጡበት ጊዜ በነበረው ሕግ የጁኒየር ልጅን የመረጠ ክለብ ለማስፈረም ሁለት ዓመት ነበረው፣ ካልሆነ ልጁ ድራፍት ይመለስ ነበር። የኮሌጁ ልጅ ግን አራት ዓመት ተምሮ ኦገስት 15 ሲያልፍ ነፃ ነበር። የፈለገበት ይፈርም ነበር። ጂሚ ቬሲ በ2016 ያደረገው ይህንን ነው። ሃይመንም ለፍሎሪዳ አልፈረመም፣ ፍሎሪዳም ለቶሮንቶ አሳልፋ ሰጠችው። ይህ ራሱ የኮሌጅ ጥቅም ነበር።

አውሮራ፦ ልጆች፣ እኔ ትንሽ የድሮ ነገር ልበል። ኬን ድራይደንን የሚያስታውስ አለ? ኮርኔል የተማረ በረኛ። በ1971 ሞንትሪያል ገብቶ በመደበኛው ውድድር 6 ጨዋታ ብቻ እንደተጫወተ ዋንጫ አነሳ፤ የፕሌይኦፉ ምርጥም ተባለ። አዲስ ገቢ ተብሎ የተሸለመው ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ነው! እየተጫወተ ማክጊል ሕግ ተማረ። በ1973 በደመወዝ ሲጣላ ምን አደረገ? ጫማውን ሰቅሎ ቶሮንቶ ሄደና በጥብቅና ቢሮ ዓመቱን ሙሉ ሠራ። ክለቡ ለመነው። ተመልሶ መጣ፣ ስድስት ዋንጫ ይዞ ጨረሰ፣ በኋላም የካናዳ ሚኒስትር ሆነ። ዲግሪ ያለው ሰው እምቢ ማለት ይችላል። እኔ በዚህ አገር ብዙ ዓመት ስሠራ እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ለዚህ ነው ልጆቼን የማስጨንቃቸው።

ሴንት ፖል፦ ጋሼ እድሜ ይስጥዎት። 

የካልጋሪው፦ ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፤ ግን ድራይደን አንድ ነው። አይክል ቦስተን ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ተቀምጦ የትኛውን ዲግሪ ያዘ? ሴሌብሪኒስ? በዚያ ላይ ጁኒየር ሊጉም ለትምህርት ይከፍላል፤ ለተጫወትክበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ዓመት የኮሌጅ ወጪ ይሸፍናል።

አውሮራ፦ ልክ ነህ። ግን ዲግሪውን በኋላ ለመጨረስ ከዜሮ መጀመርና ከግማሽ መጀመር አንድ አይደለም።

የቦስተኗ እናት፦ ስለ ገንዘብ ከተነሳ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ወላጅ አያውቀውም። «ስኮላርሺፕ» ሲባል ሙሉ የሚመስለን አለን። እስከ 2025 አንድ ቡድን የሚፈቀድለት የ18 ልጅ ስኮላርሺፕ ነበር፤ ቡድኑ ውስጥ ያሉት ደግሞ 26 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። ይከፋፈላሉ። ሃርቫርድ፣ ኮርኔል፣ ፕሪንስተን ደግሞ ለስፖርት ብለው ስኮላርሺፕ አይሰጡም። የሚሰጡት በቤተሰብ ገቢ ልክ እርዳታ ነው። ለእኛ ዓይነቱ ቤተሰብ ያ እንዲያውም ሊሻል ይችላል፣ ግን ልጁ ክፍል ውስጥም ጎበዝ መሆን አለበት።

አወያይ፦ የአዲሱ ሕግ ነገር አልተነሳም። ለማያውቁ፦ የጁኒየር ተጫዋች ከክለቡ ድጎማ ስለሚከፈለው ለረጅም ዘመን እንደ ፕሮፌሽናል ተቆጥሮ ኮሌጅ መጫወት ይከለከል ነበር። ኤንሲኤኤ፣ የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል፣ በኖቬምበር 2024 ይህን ሻረ። ከኦገስት 1 2025 ጀምሮ ከጁኒየር ወደ ኮሌጅ መሻገር ይቻላል።

ዴንቨር በረዶ፦ ታዲያ የካልጋሪው ክርክር እዚያው አለቀ። የጁኒየሩ ቁጥር አንድ ልጅ ጋቪን ማኬና፣ በጁኒየር ክለቡ በሜዲሲን ሃት በ56 ጨዋታ 129 ነጥብ ያስመዘገበው፣ የት ሄደ? ፔን ስቴት። ጁኒየር ይሻላል ካልክ ለምን ጥሎ ሄደ?

የካልጋሪው፦ ገንዘብ ነዋ! በ2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት አንድ ዩኒቨርሲቲ ለስፖርተኞቹ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ማካፈል ይችል ነበር። አብዛኛው የአሜሪካን ፉትቦልና የቅርጫት ኳስ ነው፣ ግን ለሆኪም ይተርፋል። ሌላም ነገር ልብ በሉ። ማኬና ኮሌጅ የገባው ጁኒየር ውስጥ ከተሠራ በኋላ ነው። ነገ ኮከብ ሲሆን «የፔን ስቴት ልጅ» ብላችሁ ትቆጥሩታላችሁ። ሜዲሲን ሃት ያሳደገውን።

በረኛው፦ ይህ ነጥብ ጠንካራ ነው። ከአሁን በኋላ «ከሦስት አንዱ» ያልነው ቁጥር ማደጉ አይቀርም፤ የኮሌጁ ሥልጠና ስለተሻለ ግን ላይሆን ይችላል። በዚያ ላይ ቦታ የሚያጣው ማን ነው? መካከለኛው። የቦስተኗ እህቴ ልጅ የሚገባበትን ወንበር አሁን የ20 ዓመት ጎልማሳ ጁኒየር ሊይዘው ነው።

የቦስተኗ እናት፦ ይህን ነው የፈራሁት።

ሴንት ፖል፦ አትፍሪ እህቴ። እዚህ ሰፈር ብሮክ ፌበርን እናያለን። የሜፕል ግሮቭ ልጅ ነው። ሦስት ዓመት ለሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ በኤፕሪል 2023 ፍጻሜውን በተሸነፈ ማግሥት ለሚኒሶታው ክለብ ለዋይልድ ፈረመ። በ2024 ለ8 ዓመት በዓመት 8.5 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋለ። ከቤቱ ሳይርቅ!

የካልጋሪው፦ እንደገና ኮከብ ጠራ።

ዴንቨር በረዶ፦ 😂😂

አውሮራ፦ ማይክ ግሪየርንም ጥሩ። ልጆቻችን «እኛን የሚመስል የለም» ሲሉ እሱን ነው የማነሳላቸው። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፣ በ219ኛ ነው የተመረጠው፣ ከ1,000 ጨዋታ በላይ ሊጉ ውስጥ ቆየ። ኮከብ አልነበረም፣ ሠራተኛ ነበር። በ2022 ሳን ሆዜ ሲሾመው የሊጉ የመጀመሪያው ጥቁር ጄኔራል ማናጀር ሆነ። በ2024 ሴሌብሪኒን አንደኛ አድርጎ የመረጠው እሱ ነው።

በረኛው፦ ጆርጅ ፓሮስም አለላችሁ፣ ከፕሪንስተን ኢኮኖሚክስ ተመርቆ በረዶ ላይ በቡጢ የኖረ። አሁን የሊጉን ቅጣት የሚወስነው ክፍል ኃላፊ ነው። ይህን ከማን ጎን እንደምንቆጥረው እናንተ ወስኑ።

የቦስተኗ እናት፦ አንድ ነገር ልጨምር፤ እስካሁን ስለ ወንዶች ብቻ ነው ያወራነው። ሴት ልጅም አለችኝ። በጃንዋሪ 2024 በጀመረው የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ፣ በፒደብልዩኤችኤል፣ ውስጥ ከአሜሪካና ከካናዳ የመጡት ሁሉም ማለት ይቻላል ኮሌጅ የተጫወቱ ናቸው። የ2024 ድራፍት አንደኛዋ ሳራ ፊሊየር ፕሪንስተን ነው የተማረችው።

ሴንት ፖል፦ ዋንጫውን ደግሞ በ2024ም በ2025ም ሚኒሶታ ወሰደ። ልጥቀሰው ብዬ ነው እንጂ ለመኩራራት አይደለም 😄

የካልጋሪው፦ በሴቶቹ አልከራከርም። እዚያ የሚወዳደር የጁኒየር ሊግ የለንም፣ ኮሌጅ ብቸኛው በር ነው። ብቸኛ በር ሲሆን ደግሞ «ተሳካ» ብሎ ማወዳደር አይቻልም።

የቦስተኗ እናት፦ ይቻላል እንጂ። ሊጉ ሲጀምር ዝቅተኛው ደመወዝ በዓመት 35,000 ዶላር ነበር፤ የወንዶቹ ዝቅተኛ በዚያው ጊዜ 775,000 ነበር። በ35,000 ቦስተን ውስጥ የቤት ኪራይ ክፈልና አሳየኝ። ልጄ ፕሮፌሽናል ብትሆንም ባትሆንም ያንን ወረቀት ይዛ ነው የምትወጣው። የወንዱን ጉዳይ በረኛው እንዳለው በ18 ዓመቱ እናየዋለን፤ የእሷ ግን ተወስኗል።

የካልጋሪው፦ እሺ፣ የወንዱን ስልክ ቁጥር ላኪልኝ። የጁኒየር አሠልጣኝ አውቃለሁ።

የቦስተኗ እናት፦ አልልክም።