ሰንበት ላይ መሸከምና በመቅደስ ማቋረጥ አንድ ነው እንዴ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ጀማዓ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ዮሐንስ 5 ላይ 38 ዓመት የታመመው ሰውዬ ድኖ አልጋውን ይዞ ሲሄድ አይሁዶቹ ሰንበት ነው መሸከም አትችልም ይሉታል፣ ማርቆስ 11፥16 ላይ ደሞ ጌታ ራሱ ዕቃ ይዞ በመቅደስ የሚያልፈውን ከለከለ። እዛ ተሸከም ብሎ እዚህ ምነው? የአይሁድ መምህራን ምን እንደሚሉ ያነበበ ካለ ይንገረኝ፣ እኔ ክልከላው ሰው እንዳይደክም መስሎኝ ነበር።

ጁገል በር፦
አቦ ድካም አይደለም! ሚሽና (የጥንት የአይሁድ መምህራን የሕግ ስብስብ) ላይ ሰንበት የተከለከሉ 39 ሥራዎች አሉ፣ የመጨረሻው ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ማውጣት ነው። ቤትህ ውስጥ ሶፋ ስትገፋ ብትውል በዚህኛው አትጠየቅም፣ የደረቀ በለስ የምታክል ምግብ ከቤት ወደ አደባባይ ካወጣህ ግን አለቀልህ። ስለ ሰንበት የሚያወራው ክፍል ራሱ የሚጀምረው በየኔ ቢጤ ነው፣ እሱ ደጅ አባወራው ውስጥ። የኔ ቢጤው እጁን አስገብቶ ራሱ አንስቶ ካወጣ ጥፋተኛ ነው፣ እጁን ዘርግቶለት አባወራው መዳፉ ላይ ቢያኖርለትና እሱ ቢያወጣ ግን ማንሳቱና ማውጣቱ ለሁለት ስለተከፈለ ማንም አይቀጣም (ይቻላል ማለት አይደለም ደሞ)።

ታልሙድ (ሚሽናን የሚያብራራው መጽሐፍ) ላይ ረቢ ዮሐናን ኢየሩሳሌም በሮቿ ሌሊት ባይዘጉ ኖሮ እንደ አደባባይ ትቆጠር ነበር ይላል። የሐረር ጁገል ግንብ በሮችም ድሮ ማታ ማታ ይዘጉ ነበር፣ ሸዋ በር ጋ ባለፍኩ ቁጥር ይሄ ነው ትዝ የሚለኝ። እንደዛም ሆኖ ከቤት ቤት ዕቃ ለማውጣት ጎረቤቶች የጋራ ምግብ አስቀምጠው ኤሩቭ የሚሉትን፣ ማለትም ግቢያቸው እንደ አንድ ቤት እንዲቆጠር የሚያደርገውን፣ ማድረግ ነበረባቸው። ድሬዎች ግንብም የላችሁም፣ እናንተማ ቤታችሁ ቁጭ በሉ ሃሃሃ

ገንደ ቆሬ፦
ተው እንጂ ሐረሬው! የማርቆሱ ከሰንበት ጋር አይገናኝም። እዛው ሚሽና ላይ፣ ስለ ምርቃትና ጸሎት በሚያወራው ክፍል መጨረሻ፣ በትር ይዘህ፣ ጫማ አድርገህ፣ ብር የቋጠርክበትን መቀነት ታጥቀህ ወይ የእግርህን አቧራ ሳታራግፍ ወደ መቅደሱ ተራራ አትግባ ይላል፣ አቋራጭ መንገድም አታድርገው፣ ምራቅማ ጭራሽ። በማንኛውም ቀን ነው ይሄ። እኔ ራሴ ፀሐዩ ሲበረታ በቤተክርስቲያን ግቢ ቆርጬ ነው ባጃጅ የምይዘው፣ አንዴ ሽንኩርት በፌስታል አንጠልጥዬ ሳልፍ አንዲት እናት «ልጄ፣ ገበያ መሰለህ?» ብለውኛል፣ አፈርኩ ወላሂ።

ሳቢያን፦
ኩፋሌም ምዕራፍ 50 ላይ ሸክም ከቤት ማውጣት ይከለክላል። ቤተ እስራኤሎች ሚሽና ሳይኖራቸው ሰንበትን እንዴት እንዳጠበቁት ከዚህ ይገባሃል።

የከዚራ ልጅ፦
ገባኝ ግን የሰውዬው አልጋስ?

ጁገል በር፦
እሱ ነው የሚገርመው! ሕያው ሰው በአልጋ ተሸክመህ ብታወጣ በአልጋውም አትጠየቅም፣ አልጋው የሰውዬው ተከታይ ነው ይላሉ። ሰውዬው ተኝቶበት ሌሎች ቢያወጡት ጣጣ አልነበረውም፣ ድኖ ባዶ አልጋውን ሲሸከም ነው የያዙት።

የከዚራ ልጅ፦
አቦ ተው!