ሐዋሳ፦ ሁለት ዓይነት መስመር ያለበት አሮጌ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ፣ ዕድሜውና እድሳቱ (ውይይት፤ ከየመልእክቱ በላይ ያለው የጸሐፊው ቅጽል ስም ነው)

ሐይቅ ዳር
ሰላም ቤቶች። ሐዋሳ ውስጥ ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ አንድ ሁለገብ አዳራሽ ለታዳጊዎች ልምምድ ሊታደስ ነው። ወለሉ ሊሾ ሲሆን ዘይት ቀለም ተቀብቷል። ለክተን ያገኘነው ይኸው፦

የአዳራሹ ውስጥ 33.40 በ18.60 ሜትር፣ ዝቅተኛው የጣራ ብረት ከወለል 6.40። ሜዳው 26 በ14፣ በነጭ። የሦስት ሰከንዱ ክልል (አጥቂ ከሦስት ሰከንድ በላይ የማይቆይበት፣ ቀለበቱ ስር ያለው ቦታ) ትራፒዚየም ነው፣ እሱም በነጭ። የሦስት ነጥብ መስመሩ ግን ቢጫ ነው፤ ከመጨረሻው መስመር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቢጫው ነጩ ላይ ተደርቦ ይታያል፤ ራዲየሱ 6.25። ቦርዱ የጣውላ፣ 1.80 በ1.20፣ የታች ጠርዙ 2.75 ከፍታ ላይ። ምሰሶው ከመጨረሻው መስመር 1 ሜትር ወጣ ብሎ በኮንክሪት ተተክሏል።

ይሄ የስንት ዘመን ሜዳ ነው? ወደ አሁኑ ልክ ለማምጣትስ ከምን ይጀመራል? ኮሚቴው ውስጥ «ከታደሰ ኢንተርናሽናል ጨዋታ ይደረግበታል» የሚልም አለ።

ሦስት ሰከንድ
ሜዳው ዕድሜውን ራሱ ጽፎልሃል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልስጥህ።

ፊባ (ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ትራፒዚየሙን ያስገባው በ1956 ነው። ረጃጅሞቹ ቀለበቱ ስር ተተክለው እንዳይቆዩ ክልሉን ወደ ታች አሰፉት፦ ከላይ 3.60፣ የመጨረሻው መስመር ላይ 6 ሜትር። የሦስት ነጥብ ቅስት ፊባ ደንብ ውስጥ የገባው በ1984 ነው፣ በ6.25። ከዚያ ኦክቶበር 1 ቀን 2010 (በእኛ መስከረም 21 ቀን 2003) ቅስቱ ወደ 6.75 ተገፋ፣ ትራፒዚየሙ ቀርቶ 4.90 በ5.80 የሆነ አራት ማዕዘን መጣ፣ ቀለበቱ ስር ደግሞ 1.25 ራዲየስ ያለው ግማሽ ክብ ተጨመረ።

እንግዲህ ነጩ ከ1956 በፊት አይሆንም። ቢጫው ከላይ የተደረበ ስለሆነ ነጩ ሲሳል የሦስት ነጥብ መስመር አልነበረበትም ማለት ነው፤ 26 በ14ም የድሮው ልክ ነው። ቢጫውን ከ1984 ወዲህ ሌላ ሰው ጨምሮታል። ግን ልብ በል፦ ቀለም ቀቢው አሮጌ ደንብ ይዞ ከሆነ ሜዳው ደንቡ ከተለወጠ በኋላም ሊሳል ይችላል። መስመር በእርግጠኝነት የሚነግርህ «ከዚህ ዓመት በፊት አይደለም» የሚለውን ብቻ ነው።

ቦርዱም ይመሰክራል። የአሁኑ 1.80 በ1.05 ነው፣ ታችኛው ጠርዝ 2.90 ላይ። ደምረው፦ 2.75 እና 1.20፣ ወይም 2.90 እና 1.05፣ ሁለቱም 3.95 ይመጣሉ። አናቱ አልተነካም፤ ከስሩ ብቻ 15 ሳንቲ ተቆረጠ፣ ዘሎ የሚነሳ ተጫዋች በእጁም በጭንቅላቱም ጠርዙን ይመታው ስለነበር።

ቀለሜ
ስለ ወለሉ ልናገር፣ ገንዘብ የሚቃጠለው እዚያ ነው።

መጀመሪያ እርጥበት ፈትሹ። ሐይቅ አጠገብ ከሊሾ ስር ውሃ መሳቡ የተለመደ ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ፣ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽጉና 24 ሰዓት ተዉት። ሲገለጥ ስሩ ላይ ጠብታ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ኤፖክሲ (ጠንካራውን የወለል ቀለም) አትቀቡ፤ በሳምንታት ውስጥ እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል፣ ከዚያ በልጣጭ ይነሳል። ሦስት አራት ቦታ ፈትሹ፣ በተለይ ሐይቁ በሚገኝበት ግድግዳ በኩል። ደግሞ በበጋ ፈትሻችሁ ደረቅ ነው ብላችሁ አትዝናኑ፤ ክረምት ላይ ድገሙት።

የዘይት ቀለሙን ሙሉ በሙሉ በግራይንደር አንሱ። ኤፖክሲ በዘይት ቀለም ላይ ሲቀባ የሚይዘው ሲሚንቶውን ሳይሆን አሮጌውን ቀለም ነው፤ አሮጌው ሲለቅ አዲሱም አብሮት ይሄዳል። አቧራውን በማሽን ሳቡ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው) ቀቡ።

መጠኑ፦ ወለሉ 621 ካሬ ነው። በሊትር 7 ካሬ ብትይዙ አንድ እጅ 89 ሊትር ገደማ ይበላል፤ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። የሚያብለጨልጨውን አትግዙ። መብራት ስለሚያንጸባርቅ የተጫዋች ዓይን ይወጋል፣ ላብ ሲንጠባጠብበት ደግሞ ያንሸራትታል። ማት ይሁን።

ለመስመሩ ብዙ ቀለም የሚገዛ አለ፤ ከንቱ ነው። የ28 በ15 ሜዳ መስመሮች ሁሉ ተደምረው 215 ሜትር ገደማ ናቸው። በ5 ሳንቲ ስፋት 11 ካሬ እንኳ አይሞሉም። 4 ሊትር ሁለት እጅ ቀብቶ ይተርፋል።

ሐይቅ ዳር
ቀለሜ እናመሰግናለን። ቅስቱን በተመለከተ፦ ልጆቹ በሲባጎ ሞክረው ግራና ቀኙ አልገጠመም፤ አንዱ ጎን 3 ሳንቲ ይበልጣል። መነሻ ያደረጉት ከቦርዱ ፊት ለፊት ስር ያለውን ነጥብ ነው።

መስመር ዳኛ
ሁለት ስህተት አለ። መነሻው የቦርዱ ስር ሳይሆን የቀለበቱ መሃል ስር ነው። ቦርዱ ከመጨረሻው መስመር ውስጠኛ ጠርዝ 1.20 ወደ ሜዳው ይገባል፣ ከቦርድ እስከ ቀለበቱ ውስጠኛ ጠርዝ 15 ሳንቲ፣ እስከ መሃሉ ሌላ 22.5። ስለዚህ ሚስማሩ ከመጨረሻው መስመር 1.575 ላይ ይመታል። ሁለተኛው ሲባጎው ነው። የግንበኛ ሲባጎ ሲወጠር ይሳባል፤ ልጁ በግራ ሲዞር ጠበቅ፣ በቀኝ ሲዞር ላላ ካደረገው 3 ሳንቲ ቀላል ነው። ቀጭን ሽቦ ወይም የብረት ሜትር ተጠቀሙ።

6.75 የሚለካው እስከ መስመሩ ውጫዊ ጠርዝ ነው። ቅስቱ እስከ መጨረሻው መስመር አይደርስም፤ ከጎን መስመሩ 90 ሳንቲ ገባ ብሎ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፣ የዚያ ርዝመት 2.99። ሜዳው ራሱ ከውስጠኛ ጠርዝ እስከ ውስጠኛ ጠርዝ ይለካል፤ የዙሪያው መስመር የሜዳው አካል አይደለም። ማዕዘኖቹ ትክክል መሆናቸውን በሰያፍ አረጋግጡ፦ ሁለቱም ሰያፎች 31.76 ሊመጡ ይገባል።

አሁን ግን ቀለሙን አቁሙና ምሰሶውን እዩ። 26ቱ 28 ሲሆን የመጨረሻው መስመር በየጎኑ 1 ሜትር ወደ ውጭ ይሄዳል። የእናንተ ምሰሶ ድሮም 1 ሜትር ወጣ ብሎ ነው የቆመው፤ ስለዚህ አዲሱ መስመር በትክክል ምሰሶው ላይ ያልፋል! ወለሉ ካለቀ በኋላ ምሰሶ መንቀል ማለት አዲስ ኤፖክሲ መስበር ነው።

ሦስት ሰከንድ
እኔ 26 በ14ን ተዉት ባይ ነኝ። ለሀገር ውስጥ ጨዋታ ሲሠራበት ኖሯል፣ ምሰሶ አይነቀልም፣ በጎን 2.30፣ በጫፍ 3.70 ነጻ ቦታ ይቀራል። ለታዳጊ ምን ጎደለው?

መስመር ዳኛ
ጥጉ ይጎድለዋል። በ14 ስፋት ላይ ቀጥተኛውን መስመር እንደ ደንቡ ከመሃል 6.60 ብታደርገው እስከ ጎን መስመሩ የሚቀረው 40 ሳንቲ ነው፤ 43 ቁጥር ጫማ ያደረገ ልጅ በቀላሉ መስመር ይረግጣል። 90ውን ልጠብቅ ብትል ደግሞ ጥጉ 6.10 ይሆናል፣ ልጁ የተሳሳተ ርቀት ለምዶ ያድጋል። 28 በ15 ያድርጉት። በጫፍ 2.70 ይቀራል፤ የሚፈለገው 2 ሜትር ስለሆነ በቂ ነው። በጎን 1.80 ብቻ ይቀራል፣ 20 ሳንቲ ይጎድላል፤ ግድግዳውን እስከ 2 ሜትር ከፍታ በስፖንጅ አልብሱት። የዳኞቹ ጠረጴዛ በዚያ ጠባብ ቦታ አይገባም፣ የተመልካች መቀመጫ ካለ ጠረጴዛው እዚያ ላይ ይውጣ። ምሰሶውን ትታችሁ ቦርዱን በብረት ክንድ ከግድግዳ ማውጣት ካሰባችሁ ክንዱ 3.90 ነው የሚረዝመው፤ ብሎኬት ላይ በፍጹም እንዳይታሰር፣ የኮንክሪት ኮለን ይፈልጋል።

ጣራ ስር
ስለ ኢንተርናሽናሉ ማንም አልመለሰም። አጭሩ መልስ፦ አይሆንም፣ ምክንያቱ ደግሞ ጣራው ነው። ከሜዳው በላይ ቢያንስ 7 ሜትር ምንም ነገር የሌለበት ክፍተት ያስፈልጋል፤ 6.40 ላይ ብረት አላችሁ። ከሩቅ የተወረወረ ኳስ ይመታዋል። ትልልቁ ውድድር ደረጃውን የጠበቀ ወለልና ጠንካራ መብራትም ይጠይቃል፤ ግን እነዚያ በገንዘብ ይገባሉ፣ ጣራ ግን አይነሳም።

ጨዋታው በ1891 ሲፈጠር አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ለፈረንጆቹ የብርድ ወቅት ተብሎ። ሆኖም በ1936 በርሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ሲገባ የሸክላ አፈር ቴኒስ ሜዳ ላይ ደጅ አጫወቱት። የፍጻሜው ቀን ዘነበ። አፈሩ ጭቃ ሆኖ ኳስ ማንጠር ስላልተቻለ አሜሪካ ካናዳን ያሸነፈችው 19 ለ8 ነው። በ1948 ለንደን ላይ ጨዋታው ወደ አዳራሽ ገባ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1950 ቦነስ አይረስ ላይ ሉና ፓርክ የተባለ የቦክስ አዳራሽ ውስጥ ተደርጎ አርጀንቲና አሜሪካን 64 ለ50 ረታች፤ ማለትም ለቅርጫት ኳስ ያልተሠራ ቤትም፣ ወርዱና ጣራው ከበቃ፣ ያገለግላል። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮጠበት በ1960ው ሮም ደግሞ ኔርቪ የተባለው መሐንዲስ ውስጡ ምሰሶ የሌለው 100 ሜትር ገደማ የሚሰፋ የኮንክሪት ጉልላት ሠርቶ ነበር፤ የፍጻሜው ዙር እዚያ ነው የተካሄደው።

ወደ ቅርባችን ስንመጣ፣ በፊባ አፍሪካ ክፍፍል ከእኛ ጋር ዞን 5 ውስጥ ያለችው ሩዋንዳ በ2019 ኪጋሊ ላይ 10,000 ሰው ገደማ የሚይዝ አሬና ከፍታ በ2021 አፍሮባስኬትን (የአፍሪካ ሻምፒዮናውን) አስተናግዳለች። ደቡብ ሱዳን ግን በሀገሯ የቤት ውስጥ ሜዳ ሳይኖራት ፓሪስ 2024 ላይ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸንፋለች። ኢንተርናሽናል አዳራሽ ባይኖርም ጥሩ ቡድን እንደሚወጣ ለኮሚቴው ንገሩት።

ሐይቅ ዳር
28 በ15 ላይ ተስማምተናል። ላስቲኩ ዛሬ ይነጠፋል፤ ምሰሶው ከወለሉ በፊት ይነቀላል።

ቀለሜ
መስመሩን ስትቀቡ ማስኪንግ ቴፑን ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ንቀሉት፤ ከደረቀ ጠርዙን ይዞት ይነሳል።

ሦስት ሰከንድ
ግራይንደሩ ከመነሳቱ በፊት ደግሞ ቢጫው ነጩ ላይ የተደረበበትን ቦታ፣ አጠገቡ ሜትር ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱልኝ።